ከመንገድ ሲታይ፦ የባሕር ዳር ቤቶች ጥያቄና መልስ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ቤት የውጪ ገጽታ ናቸው፤ ምን ይለበስ፣ ምን ይቀባ፣ ምን ይነሣ። መልሶቻችን ግን ደጋግመው ወደ ውሃ መመለሳቸው አይቀርም። ባሕር ዳር ላይ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጥላል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የጣለ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነውና 100 ካሬ ሜትር ጣራ በዓመት 140 ሺህ ሊትር ውሃ ያወርዳል። ይህ ውሃ የት እንደሚሄድ ሳይታሰብ የተሠራ የቤት ፊት ሁለተኛውን ክረምት ሲሻገር ይታወቅበታል።

ጥያቄ፦ ከወላጆቻችን የወረስነው ቤት ጭቃ ነው፤ ዕድሜው 40 ዓመት ይሆነዋል። ጎረቤቶቻችን በሲሚንቶ አስለስነው ሴራሚክ ለጥፈዋል፣ የእኛ ብቻ ቀርቷል። ግድግዳው ከታች በኩል እየተፈረፈረ ነው። በሲሚንቶ አስለስነን ግማሹን ሴራሚክ ብናለብሰው ምን ትላላችሁ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ በዚህ ቅደም ተከተል አይሆንም። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። የሲሚንቶ ልስን ግን ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፤ በመጀመሪያው በጋ ቀጫጭን ስንጥቅ ያወጣል። ክረምት ሲገባ ውሃው በስንጥቁ ይሰርጋል፣ ከገባ በኋላ ደግሞ ሲሚንቶው መውጫ ይነሣዋል። ውጪው ደኅና መስሎ ውስጥ ውስጡን እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጥም የሚወደው እርጥብ እንጨት ነው። ሴራሚክ ሲጨመርበት ክብደቱም ይበዛል፣ ግድግዳው የሚደርቅበት መንገድም ጨርሶ ይዘጋል። ጎረቤቶቻችሁ ከፈቀዱላችሁ የተለጠፈውን ሴራሚክ በጣታችሁ አንጓ መታ መታ አድርጉት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከጀርባው ለቅቋል ማለት ነው።

መጀመሪያ ቋሚዎቹን መርምሩ። ከመሬት እስከ ጉልበት ያለውን ምርጊት አራግፉና እያንዳንዱን ቋሚ እንጨት በካቻቢቴ ውጉት። ያለ ትግል ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ከገባ በስብሷል። የበሰበሰውን ለመቀየር ጣራውን ማፍረስ አያስፈልግም። ጣራውን የተሸከመውን አግድም እንጨት በጠንካራ አጣና ከግራና ከቀኝ ደግፉት፤ ቋሚውን ጤነኛው ክፍል እስኪገኝ ድረስ ቁረጡት፤ ከሥሩ በጥቁር ድንጋይና በሲሚንቶ፣ ከመሬት ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ግንብ አስነሡለት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ጊዜ አይቆረጡም፤ የአንዱ ግንብ ሳይጠነክር ወደ ሌላው አትሂዱ። እንጨቱ ከግንቡ ጋር በሚገናኝበት ላይ ወፍራም ፕላስቲክ ይነጠፍ፤ ከመሬት ወደ ላይ የሚሳበው እርጥበት እዚያ ይቆማል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የተለመደ ነው። ምስጡን ጥቂት ያዘገየዋል እንጂ መሬት የነካ እንጨት አያድንም፤ ምርጊትም ዘይት ላይ አይይዝም።

ቀጥሎ ጣራው ነው። ለእድሳት ብሎ የጣራውን ጠፈጠፍ ማሳጠር በሰፈሩ ፋሽን ሆኗል፣ «ዘመናዊ» ያስመስላል ተብሎ። ለጭቃ ቤት ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ጠፈጠፉ ከግድግዳው ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። የዘጌዋን ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው ምክንያቱ ይገባዋል፤ ሥዕል ያለበት የመቅደሱ ግድግዳ ከሰፊው ጣራና ከዙሪያው መተላለፊያ ውስጥ ተከልሎ ነው ያለው። ቆርቆሮው የሚቀየር ከሆነ ሚስማሩ ከነጎማው የሚመታው በሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ በሸለቆው አይደለም፤ የላይኛው ቆርቆሮ የታችኛውን ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይልበሰው።

ልስኑ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለጭቃ ግድግዳ የሚስማማው ከሥር ጭቃ፣ ከላይ ኖራ ነው። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ቦክቶ፣ በየቀኑ እየተረገጠ አንድ ሳምንት ይቆይ፤ ሳይብላላ የተመረገ ይሰነጠቃል። ጥቁር አፈር ብቻውን አይሆንም፣ ቀይ አፈርና አሸዋ ይጨመርበት። አንድ ካሬ ሜትር ላይ መርጋችሁ ደርቆ እስክታዩት ሙሉ ግድግዳ አትጀምሩ። ሰፊ ስንጥቅ ካወጣ አሸዋና ጭድ ጨምሩ፤ በእጅ ሲታሽ ከተራገፈ አፈሩ አንሷል። የመጨረሻው ምርጊት እርጥብ ሳለ ኖራው የሚይዝበት ጭረት በሚስማር ይውጣለት፤ ከዚያ እንደ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይድረቅ።

የኖራው ልክ 1 ባልዲ ኖራ ለ3 ባልዲ የተነፋ አሸዋ ነው፤ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር። ለ60 ካሬ ሜትር ግድግዳ ብክነቱን ጨምሮ ወደ 0.7 ሜትር ኩብ አሸዋና ወደ 130 ኪሎ ኖራ ይበቃል። ኖራው ከዋዜማው በውሃ ተነክሮ ይደር፤ ግድግዳውም ከመለሰኑ በፊት ውሃ ይረጭ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው፦ ለስኖ ይሄዳል። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ቀስ በቀስ እየተዋሐደ ስለሆነ ለ7 ቀን በሸራ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ተጋርዶ በቀን 2 ጊዜ ውሃ ሊርከፈከፍበት ይገባል። የጥቅምት ፀሐይ በአንድ ቀን ካደረቀው በጣት ሲነካ የሚራገፍ ልስን ይሆናል። በመጨረሻ ከወተት ያልወፈረ የኖራ ውሃ 4 ጊዜ በስሱ ይቀባ፤ አንዴ አወፍራችሁ ከቀባችሁት ይላጣል። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል፣ ያለ ጓንትና ያለ መነጽር አይነካም።

ኖራን የድሮ ሰው ነገር አድርጎ ለሚንቅ ዘመድ፣ በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ግቢ ያለውን፣ ፔድሮ ፓኤዝ ሠራው የሚባለውን የ17ኛው ክፍለ ዘመን ባለ ፎቅ ግንብ አሳዩት። ሴራሚኩ ካልቀረ ደግሞ አዲሱ የድንጋይ ግንብ ላይ ብቻ ይሁን። ለእኛ ዓይን ግን ከታች ያልተሸፈነ ጥቁር ድንጋይ፣ ከላይ ነጭ ኖራ፣ መስኮቱ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ቢሆን ከሰፈሩ ሴራሚክ ሁሉ ይበልጣል። ወጪውም ያንሳል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ጂ+1 ነው። ጣራው እንዳይታይ ዙሪያውን ግንብ አስነሥቼ አናቱን እንደ ፋሲል ግንብ ጥርስ ጥርስ ላስወጣለት፣ በመግቢያው ላይም የጅፕሰም ቅርጽ ያላቸው ሁለት ኮለኖች ላቆም አስቤያለሁ። መሐንዲሱ አልደገፈኝም። እናንተስ? (ከኅዳር 11)

መልስ፦ መሐንዲሱ ልክ ነው፤ ምክንያቱን ግን ሳይነግርዎት የቀረ ይመስለናል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ግንብ ከነልስኑ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ከ300 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ይህ ጭነት በቢሙ ስሌት ውስጥ ከሌለ በኋላ መጨመር አይቻልም። ከላይ ማሰሪያ ቢም የሌለው ነጠላ ግንብም ንፋስ ሲመታው አደጋ ነው።

ስለ ውበቱ ከጠየቁን፦ የጎንደሩ ጥርስ የሚያምረው ከሥሩ ያለው የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም፣ መስኮቱ ጥቂት፣ ገጹ ሰፊ ስለሆነ ነው። ትልልቅ መስታወት ባለው፣ 20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ ላይ ሲቀመጥ ቤቱን ያሳንሰዋል። አምሮትዎ ካልወጣ በመግቢያው በላይ ባለው ክፍል ብቻ ያድርጉት፤ የእያንዳንዱ ጥርስ ስፋት ከ50 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ አናቱም ወደ ውስጥ ያዘንብል።

ከግንቡ ጀርባ የሚደበቀው አሸንዳ ግን ከጥርሱ በላይ ሊያሳስብዎት ይገባል። ከውጪ የሚንጠለጠል አሸንዳ ሲሞላ ውጪ ይፈሳል። የተደበቀው ሲሞላ ኮርኒስ ላይ ነው የሚፈሰው። በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር በሚወርድ ዶፍ 50 ካሬ ሜትር ጣራ በደቂቃ 50 ሊትር ውሃ ያመጣል። ስለዚህ አሸንዳው 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በሜትር 1 ሳንቲ ሜትር ተዳፋት ይኑረው። በእያንዳንዱ ጎን ባለ 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ሁለት ይውረድ፤ አንዱ በቅጠል ቢደፈን ሌላው እንዲሠራ። በተጨማሪ በግንቡ ውስጥ 10 በ10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የትርፍ ውሃ መውጫ ይበሳ፤ ወለሉ ከአሸንዳው ወለል 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከቆርቆሮው ጫፍ ግን ዝቅ ይበል። ከዚያ ቀዳዳ ውሃ ሲወርድ ካዩ ቱቦው ተደፍኗል ማለት ነው። ውሃ የማያሳልፈው ንጣፍ በግንቡ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ይውጣ። ኮርኒስ ከመሠራቱ በፊት ቱቦዎቹን ደፍነው 5 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይሙሉበትና 24 ሰዓት ያቆዩት። ከሥር እርጥበት ካልታየ ይቀጥሉ።

ጅፕሰም ውጪ አይሠራም፤ ዝናብ ያለሰልሰዋል፣ ጠርዙ ይበላል። ኮለኑ የግድ ከሆነ ቅርጹ በሲሚንቶና አሸዋ በ1 ለ3 ይውጣ። ማንኛውም የውጪ ለውጥ ከመጀመሩ በፊት ከክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ መጠየቁንም አይርሱ።

ጥያቄ፦ በመንገዳችን ያለን 12 አባወራዎች የቤቶቻችንን ፊት በአንድ ባለሙያ ለማሳደስ ተስማምተናል። ባለሙያው ከዚህ በፊት የሠራቸውን ቤቶች እንድናይ ጋብዞናል። ሄደን ምን እንይ? (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ አዲሱን ሥራውን አትዩ፤ ቢያንስ ሁለት ክረምት ያለፈበትን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ሁሉም ቤት በተቀባ ሳምንት ያምራል።

ስትደርሱ ከፊት ለፊቱ አትቁሙ፣ ወደ ጎኑ ዙሩ። ፊቱ ተውቦ ጎኑ ያልተለሰነ ብሎኬት ከሆነ ውሃው በጎን ገብቶ የፊቱን ልስን ከጀርባ ይገፋዋል። ቀጥሎ ከመስኮቶቹ ሥር ግራና ቀኝ ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር ካለ ፈልጉ። መስመሩ የሚመጣው የመስኮቱ ደፍ ከግድግዳው ስላልወጣ ወይም ከሥሩ የውሃ ማንጠባጠቢያ ቦይ ስለሌለው ነው። ደፉ 5 ሳንቲ ሜትር መውጣት አለበት፤ ቦዩ ከጠርዙ 2 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ 1 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። ትንሽ ሥራ ናት፣ የምትረሳውም ለዚህ ነው። ኮለኑ ከብሎኬቱ ጋር የሚገናኝበትን ቀጥ ያለ መስመር ተመልከቱ፤ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ከሆነ ባለሙያው ከልስኑ በፊት 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የዶሮ ሽቦ አልመታበትም። ከመሬት እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለው ክፍል ጭቃ ተፈናጥሮበት ቀለሙ ከተላጠ፣ በዙሪያው ድንጋይ አላነጠፈም ወይም አሸንዳ አልሠራም።

ከተቻለ ወደ 11 ሰዓት ከቀትር በኋላ ሂዱ። ፀሐይዋ አግድም ስትመታው የግድግዳው ሞገድ ሁሉ ይወጣል፤ በእኩለ ቀን የማይታየውን ያኔ ታያላችሁ።

የአሥራ ሁለቱን ቤቶች መልክ በተመለከተ አንድ ዓይነት አታድርጓቸው። የሚጋሩት ሦስት ነገር ይበቃል፦ የታችኛው የድንጋይ መስመር ከፍታ፣ የመስኮቶቹ አናት መስመር፣ የአጥሩ ቁመት። ቀለሙና በሩ የየራሳችሁ ይሁን። በአንድ የቤት ፊት ላይ ከሦስት ዓይነት ማልበሻ በላይ ካለ (ድንጋይም፣ ሴራሚክም፣ ኳርትዝ የሚባለው ሻካራ ወፍራም ቅብም፣ መስታወትም) አንዱን ቀንሱ። ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ከመንገድ ቀድሞ የሚታየው ዘንባባውና አጥሩ ነው፤ ከቤቱ የሚበልጥ የላሜራ በር አቁሞ ፊት ማሳደስ ገንዘብ ማባከን ነው።

ወደ ምዕራብ ለሚያዩ ቤቶች ባለሙያው አንጸባራቂ ሰማያዊ መስታወት ካቀረበ አትቀበሉ። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ የሚሠራ መጋረጃም ብዙ አይረዳም፤ በዚያ በኩል መስኮቱ ጠበብ ይበል ወይም ቀጥ ያለ የእንጨት መከለያ ይሠራለት። በደቡብ በኩል ግን 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ ጠፈጠፍ በታኅሣሥ እኩለ ቀን እንኳ ከ80 ሳንቲ ሜትር በላይ ጥላ ይሰጣል። ከክፍያው 10 በመቶ የመጀመሪያው ክረምት እስኪያልፍ እንዲቆይ በውሉ ላይ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ኳርትዝ ይሻላል ወይስ ተራ የውጪ ቀለም? ደማቅ ሰማያዊ እፈልጋለሁ። (ከበላይ ዘለቀ)

መልስ፦ ግድግዳዎ ደረቅ ከሆነ ኳርትዝ የልስን ጉድለት ይሸፍናል። እርጥበት የሚስብ ከሆነ ግን በትልልቁ ይገሸለጣል፤ ለመጠገንም አስቸጋሪ ነው፣ የተጠገነው ቦታ ተለይቶ ይታያል። ስለ ግድግዳዎ እርግጠኛ ካልሆኑ ቀለም ይምረጡ። አዲስ ልስን 28 ቀን ሳይሞላው አይቀባም፤ ከውስጡ የሚወጣው አልካሊ (የሲሚንቶው የሚያቃጥል ንጥረ ነገር) ቀለሙን ያቃጥለዋል።

ለስላሳ ልስን ላይ አንድ ሊትር ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ለ160 ካሬ ሜትር ግድግዳ፣ ሁለት ጊዜ ሲቀባ፣ ወደ 36 ሊትር ያስፈልጋል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ የምርት ቁጥር ይግዙ። ደማቁን ሰማያዊ ለበሩና ለመስኮቱ ያድርጉት። በ1,800 ሜትር ከፍታ ፀሐይዋ ብርቱ ስለሆነች ደማቅ ቀለማት ቶሎ ይደበዝዛሉ፤ የአፈር ቀለማት፣ ማለትም ቢጫማ፣ ቀይ ሸክላማና ግራጫ የሆኑት፣ ይበልጥ ይቆያሉ። ኮሪደር ልማቱ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ከሆኑ ቀለም ከመግዛትዎ በፊት ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ብሎኬት ቤቴ ሦስት ዓመቱ ነው። ከመስኮቱ ጥግ ተነሥቶ ሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ አለው። ግንበኛው በየዓመቱ በስቱኮ ይሞላዋል፣ በየዓመቱ ይከፈታል። አሁን ፊቱን በአሉኮቦንድ (በአሉሚኒየም የተለበጠ ሰሌዳ) ልሸፍነው ነው። (ከዘንዘልማ)

መልስ፦ ገና አይሸፍኑት፤ ከሸፈኑት መከታተል አይችሉም። በስንጥቁ ሁለት ጫፎች ላይ በእርሳስ መስመር ያድርጉና ቀኑን ይጻፉ፤ ስፋቱን በየወሩ አንድ ቦታ ላይ ይለኩ። በበጋ እየሰፋ በክረምት የሚጠብ ከሆነ የሚያንቀሳቅሰው ጥቁር አፈሩ ነው። ዓመቱን ሙሉ እየሰፋ ብቻ ከሄደ መሠረቱ እየሰመጠ ነው። ስፋቱ ከ5 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወይም በር አልዘጋ ካለ ዛሬውኑ መሐንዲስ ይጥሩ።

ጥቁር አፈር ከሆነ መፍትሔው ከመሠረቱ ሥር ያለው እርጥበት ዓመቱን ሙሉ እንዳይለዋወጥ ማድረግ ነው። በቤቱ ዙሪያ 1.2 ሜትር ስፋት ያለውን አፈር 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው በተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ይተኩና ከላይ ኮንክሪት ይሙሉበት፤ ተዳፋቱ በሜትር 3 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጪ ይሁን። ኮንክሪቱን ከግድግዳው ጋር አያያይዙት፤ በመካከሉ 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትተው በሬንጅ ይሙሉት። ካያያዙት አፈሩ ሲነሣ ግድግዳውንም ይዞት ይነሣል። የአሸንዳው ቱቦ ከቤቱ ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ ይፍሰስ። የመታጠቢያ ቤቱ ቱቦ የሚያፈስ መሆኑን ያስፈትሹ፤ አንድ ጥግ ብቻ ሲሰነጠቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው እሱ ነው። በቅርብ ያለ ባሕር ዛፍ በበጋ ከመሠረቱ ሥር ውሃ ይመጥጣል፤ የዛፉን ቁመት ያህል ካልራቀ ችግር ነው።

ስንጥቁ አንድ ሙሉ ዓመት ካልተለወጠ በኋላ ነው የሚጠገነው። በመሮ 1 ሳንቲ ሜትር ሰፍቶ ይከፈት፤ በግራና በቀኙ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ልስኑ ይነሣና ሽቦ ተመትቶበት በ1 ለ4 ሲሚንቶና አሸዋ ይለሰን። ስቱኮ ለውጪ ስንጥቅ አይደለም። አሉኮቦንዱን ያኔም ከፈለጉት ውስጡ ፕላስቲክ የሆነው በቀላሉ እንደሚነድ ይወቁ፤ እሳት የሚቋቋም ውስጥ ያለውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የቤታችን የውጪ ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ ነው። የቀባነው ቫርኒሽ ቢጫ ሆኖ እየተላጠ ነው። ደግመን እንቀባው? (ከሹም አቦ)

መልስ፦ አትቅቡት። ድንጋዩ ቫርኒሽ አያስፈልገውም፤ ከጀርባው የሚመጣው እርጥበት ቫርኒሹን እየገፋ ሁልጊዜ ያላጠዋል። በቀለም ማስለቀቂያና በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ አንሡት፣ በብዙ ውሃ እጠቡት። የብረት ብሩሽ አትጠቀሙ፤ የሚቀረው ብናኝ ዝገት ያወጣል። ከዚያ መጋጠሚያዎቹን እዩ፦ በጣት ሲጫር የሚፈርሰው ሲሚንቶ 2 ሳንቲ ሜትር ገብቶ ይውጣና፣ ቦታው ርሶ፣ በ1 ለ3 ይሞላ። ሙሌቱ ከድንጋዩ ፊት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ይበል። ወጣ አድርጎ ጥቁርና ነጭ መቀባቱን ተዉት፤ በዚያ ጠርዝ ላይ ውሃ ያርፋል፣ የድንጋዩንም ቅርጽ ይሸፍናል።